አቡ ሸፋፍ

«እስቲ ድገሚው» አለች በለጡ።

በሣር ከተከደነው ረኩባ ጥላ ሥር የተቀመጡት ሴቶች ንፍሮ መብላታቸውን አቆሙ። ሐጃ ሲትና የግቢው በር ላይ ቆማለች፤ ሁለት መዳፎቿን ዘርግታ ፋትሓዋን ገና መጨረሷ ነው። ከኋላዋ ከምንጩ መንደር የመጡ ሰባት ስምንት ሱዳኖች እንደ እሷ መዳፎቻቸውን ዘርግተዋል። አንደኛው ስኳር የሞላ ከረጢት በትከሻው ይዟል።

ሐጃ፣ ኀዘንተኛዋ ሳትሰማት የቀረች መስሏት፣ ድምጿን ለስለስ አድርጋ ደገመችው። «አላህ ይርሐሞ፣ አቡ ሸፋፍ።» ነፍሱን ይማር ማለቷ ነው።

በለጡ ከምንጣፉ ተነሣች። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ደግፎ ሲያስነሣትና ሲያስቀምጣት የነበረች ሴት፣ አሁን ማንም ሳይነካት ቀጥ ብላ ቆመች።

«ውጪልኝ» አለች በአማርኛ። አረብኛዋ ለገበያ እንጂ ለዚህ አይበቃትም። «ሁላችሁም ውጡልኝ። በቁሙ ስትሰድቡት መኖራችሁ አንሶ፣ አፈሩ ሳይደርቅ ቤቱ ድረስ መጥታችሁ ትሰድቡታላችሁ?»

ሱዳኖቹ ተያዩ። ቃሉ ባይገባቸውም ወደ በሩ የዘረጋችው ክንዷ ገባቸው። የሟቹ የልብ ጓደኛ አያ ኸይረዲን ከወንዶቹ ድንኳን እየሮጠ መጣ። «መዓሊሽ፣ መዓሊሽ፣ ይቅርታ፣ ኀዘን ነው» አለ ወደ እነሱ ዞሮ፤ ወዲህ ደግሞ፣ «በለጡ፣ ኧረ ፈጣሪን ፍሪ፣ ሰዎቹ እኮ ለቅሶ ነው የመጡት» አለ። የሚሰማው አጣ። ሐጃ ሲትና መዳፎቿን ቀስ አድርጋ በፊቷ ላይ አሳለፈችና ዞረች። ስኳሩን በሩ ሥር አስቀምጠው ሄዱ።

ሳምሪ የሻይ ብርጭቆ የደረደረችበትን ትሪ እንደያዘች ምሰሶው አጠገብ ደርቃ ቀርታ ነበር። ሁሉንም አይታለች። እሷ አንዲት ነገር ብትናገር ኖሮ እናቷ ባልተነሣች፣ ሰዎቹም ባልሄዱ ነበር። ነገሩ ግን የአባቷ አደራ ነው፤ አባቷ ደግሞ ከትናንት በስቲያ ተቀብሯል።

በአማርኛ ሸፋፋ ማለት እግሩ ወደ ውጭ የተገለበጠ፣ ሲራመድ የሚወላገድ ሰው ነው። የበለጡ ባል መንግስቱ ሸፋፋ ነበር። በለጡም ይህን አትክድም። በወጣትነቱ የሰሊጥ ጭነት ላይ ተቀምጦ ሲሄድ ሎሪው ተገለበጠና ሁለቱም እግሮቹ ተሰበሩ፤ ወጌሻው አገጣጠማቸው እንጂ አላቀናቸውም።

በለጡን ሊያገባ ሽማግሌ በላከ ጊዜ፣ ወንድሞቿ መተማ ማዶ ባባታቸው ደጃፍ ተቀምጠው፣ «እኅታችንን ለሸፋፋ አንሰጥም። ይዟት ቤቱ እስኪደርስ ታረጃለች» ብለው ሳቁ። ሽማግሌዎቹም ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። መንግስቱ ራሱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይሰማ ነበር ይባላል። በለጡ ደግሞ ከጓዳ ትሰማ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ ጋቢና አንድ ድስት ይዛ፣ በዝግታ የሚራመደውን ሰው ተከትላ ድንበሩን ወደ ሱዳን ተሻገረች። ደስ ባላት ቀን፣ «ቤቱ እስክንደርስ አላረጀሁም» ትል ነበር። ወንድሞቿን ግን ከዚያ ወዲያ አላየቻቸውም፤ ያቺ ቃልም በቤቷ ተነሥታ አታውቅም።

ታዲያ ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ቀን፣ ሐጃ ሲትና ገበያ መሀል ተቀምጣ ዳኳዋን፣ ያን ሱዳኖች የሚወዱትን የተወቀጠ ለውዝ ልቁጥ፣ በሳህን ቆልላ ስትሸጥ፣ «የአቡ ሸፋፍ ሚስት፣ ነይ ቅመሽ» ብላ ጠራቻት። በለጡ የሰማችው አንዲቱን ቃል ብቻ ነው። ዙሪያዋን ብታይ ሰው ሁሉ ፈገግ ብሏል። ሳህኑን አንሥታ መሬት ላይ ደፋችው። «ያንቺ ባል እግሩ ቀና ሆኖ የት ደረሰ?» አለችና ሄደች። ነገሩን ለጎረቤቶቿ አንድ ጊዜ ነገረቻቸው፤ ከዚያ በኋላ ያን ስም በፊቷ የሚያነሣ አልተገኘም። ከሐጃ ገዝታ አታውቅም። ባሏ ሲሠራ ወደሚውልበት ወደ ምንጩ መንደርም አንድ ቀን አልወረደችም።

በአራተኛው ቀን ለቀስተኛው ሳሳ። በለጡ ጓዳ ገብታ ጋደም ስትል፣ ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨዋታ ጀመሩ።

«አላለቀሰችም እኮ» አለች አንዷ። «ለአገር ሙሾ ስታወርድ የኖረች ሴት፣ ለባሏ አንድ ግጥም ይጠፋታል?»

«ንዴት ይዟት ነው» አለች መብርሂት። መብርሂት ከትግራይ ከመጣች አምስተኛ ዓመቷ ነው፤ ከነበለጡ ጋር አጥር ትጋራለች፤ አማርኛዋ ትግርኛ ትግርኛ ይላል። «ንዴትና ዕንባ በአንድ በር አይወጡም፣ ሓፍተይ።»

«ያ ቶብስ?»

ሁሉም ወደ ልብስ ማስጫው ገመድ አዩ። ቢጫ አበባ የተረጨበት ሰማያዊ የሱዳን ሴት መጎናጸፊያ ቶብ በጥር ነፋስ ቀስ እያለ ይውለበለባል። መንግስቱን ከምንጩ ዳር በጋሪ ሲያመጡት በዚህ ቶብ ተሸፍኖ ነበር። ሰው እያሳፈረ የሚያዞርባትን ጀልባ ሲወለውል ደከመኝ ብሎ ቁጭ አለ፤ ከዚያ አልተነሣም፤ እዚያ የነበረች ሴት የለበሰችውን አውልቃ አለበሰችው፤ ያመጡት ሰዎች ያወሩት ይህን ብቻ ነው። በለጡ ከቀብር እንደተመለሰች ቶቡን በገዛ እጇ አጠበችው። ሲመሽ ታጥፈዋለች፤ ሲነጋ መልሳ ትሰቅለዋለች። የቶቡ ባለቤት መጥታ ስትጠይቅ ንጹሕ ሆኖ ይጠብቃት ብላ ነው።

«ሌላ ሴት ነበረችው ይሆን እንዴ?» አለች የመጀመሪያዋ።

«በዚያ እግሩ?» አለች ሌላዋ። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። መብርሂት በክርኗ ጎሰመቻት፤ ሳምሪ ሻይ ይዛ መምጣቷ ነበር።

«ሳምሪየ፣ እስቲ አረፍ በይ» አሉ በአንድ አፍ።

ሳምሪ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ሻዩን አደለች። ገዳሪፍ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አራት ዓመት ተምራ ብትመለስም የልጅነት ዝምታዋ አልለቀቃትም። «ዲግሪዋን በጽሑፍ ስለፈተኗት ነው የሰጧት፤ በቃል ቢሆን ወድቃ ነበር» እያሉ ይቀልዱባታል። አባቷ ብቻ ቀልዶባት አያውቅም። «የሚያይ ሰው ብዙ አያወራም» ይላት ነበር።

ጀልባዋ የመጣችው ሳምሪ አሥራ አራት ዓመቷ ሳለ ነው። ኡስታዝ አኑዋር የሚባል የዓሣ መምህር ከኻርቱም መጣ፤ መኪናው ጣራ ላይ ረዥም፣ ጠባብ፣ እንደ ብርጭቆ ማዶ ለማዶ የምታሳይ ጀልባ አስሯል። ካያክ ይላታል። ከምንጩ እስከ ጓንግ ወንዝ ያለውን ውሃ ሊያጠና ነው የመጣው። መንገድ የሚያሳየው ሰው ፈለገና መንግስቱን ያዘ። መንግስቱ በእግሩ የማይደርስበትን ሁሉ በውሃ ሲደርስበት የኖረ ሰው ነው። ሁለት በጋ አብረው ሠሩ። መምህሩ ሥራውን ሲጨርስ፣ «እኔ ዓሣዎቹን ቆጠርኳቸው፤ የምታውቃቸው ግን አንተ ነህ» ብሎ ጀልባዋን ትቶለት ሄደ።

ከዚያ ወዲያ መንግስቱ አስጎብኚ ሆነ። አርብ አርብ ከገዳሪፍም ከባሱንዳም ሰው ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ከኻርቱም የተፈናቀሉ ሰዎች በዙ። እንደ እንግዳ አይመጡም፤ ዳር ቁጭ ብለው ዝም ብለው ያያሉ፤ እሱ ነው በእጁ ጠርቶ የሚያሳፍራቸው።

ሳምሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንዳንዴ የፊተኛውን ወንበር ይሰጣታል።

«ጫማ» ይላል መጀመሪያ። ወለሉ እንዳይጫር ጫማ አድርጎ የሚገባ የለም። መንግስቱ ራሱ በየብስ ላይ ጀለቢያውን እስከ መሬት አስረዝሞ እግሩን ይደብቃል፤ እጀልባዋ ውስጥ ግን ጀለቢያውን ወደ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ሁለቱን ተረከዞቹን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ ጣቶቹን ግራና ቀኝ ገልብጦ ይቀመጣል። ቀዛፊው ከኋላ ስለሆነ፣ ከፊት ያለው ሰው ዞሮ ካላየው አይታይም፤ እሱ ግን ቢያዩትም ግድ የለው።

«አሁን ወደ ታች እዪ።»

ምንጩ የሚወጣው ከትልቅ ጥቁር ድንጋይ ሥር ነው። ውሃው ከመሬት ሲፈልቅ ነጩ አሸዋ እንደ ገንፎ ይንተከተካል። ሳምሪ መጀመሪያ ባየችው ጊዜ እግሯን ወደ ላይ ሰብስባ ነበር፤ አየር ላይ የተቀመጠች መስሏት። ከዚያ ሸምበቆ ለሸምበቆ፣ ከወደቀች አሮጌ ሾላ በላይ ያልፋሉ። ከግንዱ ሥር አንድ ጢማም አምባዛ ይኖራል። መንግስቱ ሸኹ ይለዋል። ወለሉን በጥፍሩ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አድርጎ ይጠብቃል። ሸኹ ሲፈልግ ይወጣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል። «ሸኹ ዛሬ ጸሎት ላይ ናቸው» ብሎ ያልፋል። የምንጩ ውሃ ከጓንግ ድፍርስ ጋር የሚገናኝበት በቢላ እንደተቆረጠ መስመር አለ። እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ ይቆማል፤ አልፎ አያውቅም። «ከዚህ ወዲያ የኛም ጀልባ እንደ ማንም ጀልባ ናት» ይላል።

ምልክት የምትሆን ሰሌዳ ያስፈልገዋል ብላ ያሰበችው ሳምሪ ነበረች። በሰማያዊ ቀለም፣ በአረብኛ፣ «ቃርብ ሸፋፍ» ብላ ጻፈችለት። በአረብኛ ቃርብ ጀልባ ነው፤ ሸፋፍ ደግሞ ጥርት ያለ፣ ወዲያ ማዶውን የማይደብቅ ማለት ነው። የመጽሐፍ ቃል ናት። መምህሩ ይዟት እስኪመጣ በገበያም በእርሻም የሚናገራት አልነበረም። የምንጩ መንደር ልጆች ከጀልባዋ ጋር ቃሏንም ወደዷት፤ ሰውየውን አቡ ሸፋፍ አሉት፤ ባለ ጥርቷ ጀልባ ለማለት። በአማርኛ ደግሞ እነበለጡ ጀልባዋን የሚያውቋት የብርጭቆዋ ጀልባ ብለው ነው።

እናቷ ዳኳውን የደፋች ዕለት ሳምሪ ወደ ምንጩ ሮጠች።

«አባ፣ እማ ስድብ መስሏታል። ለምን አትነግራትም?»

መንግስቱ ጀልባዋን መወልወሉን አላቆመም። «ደፋችባት?»

«ሳህኑም ተሰበረ።»

«ሳህኑም?» አለ። ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም። ጨርቁን ጉልበቱ ላይ አኖረ። «በዓለም ላይ ስለ እግሬ የተጣላልኝ ሰው እናትሽ ብቻ ናት፣ ልጄ። እኔ ራሴ ተጣልቼ አላውቅም። ወንድሞቿ ሲስቁ እኮ፣ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ አብሬያቸው ስቄያለሁ። ምን ላድርግ ብዬ።» ውሃውን አየ። «ተያት፣ ትንሽ ትጣላልኝ። አንድ ቀን አምጥቼ እዚችው ጀልባ ላይ አስቀምጬ እኔው እነግራታለሁ። እስከዚያ ያንቺና የኔ ነው። አደራ።»

«አንድ ቀን መቼ?»

«ውሃው ሲጠራ» አለ።

ውሃው ያን ጊዜም ጥርት ብሎ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አያ ኸይረዲን ሳምሪን ከድንኳኑ ጀርባ ጠራት።

«ነገ ሰባቱ ነው» አለ። «የምንጩ ሰዎች የአባትሽን ዕቃ ይዘው ደግመው ይመጣሉ። ሐጃ ናት ያስተባበረቻቸው። እናትሽን አንቺ አናግሪያት።»

«እኔ?»

«ማን ይናገርልሽ? እኔን እንደሆን፣ 'አንተም ከነሱ ጋር በልተህ ጠጥተህ' ብላ አባራኛለች። ስሚኝ ልጄ፣ መቃብሩን በዚያ ፀሐይ የቆፈሩት እነሱ ናቸው። ነገም በሩ ላይ ከመለሰቻቸው፣ ሦስተኛ አይመጡም። አባትሽ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሲያከማች ኖሮ፣ በሰባት ቀን ተበትኖ ይቅር?»

ሳምሪ ገባች። እናቷ ቶቡን ከገመዱ አውርዳ፣ ጉልበቷ ላይ እያጠፈች ነበር። ጥጉን ከጥጉ ታገጣጥማለች፣ በመዳፏ ትዳምጠዋለች፣ እንደገና ታገጣጥማለች።

«እማ።»

«ወይ።»

ሳምሪ አጠገቧ ተቀመጠች። ቃላቱን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለፈተና እንደምታዘጋጀው አዘጋጅታቸው ነበር። ብትነግራት ግን ምን እንደምትወስድባት ታያት። እናቷ ለባሏ ያደረገችለት ትልቁ ነገር ይህ ጠብ ነው። ገበያ ቀይራለታለች፤ ሠፈር ትታለታለች፤ አሁንም በኀዘኗ መሀል እየተጣላችለት ነው። ጠቡ ባዶ ነበር ብላ እንዴት ትንገራት? ደግሞስ፣ «አንቺም ታውቂ ነበር?» ብትላት?

«ምንድን ነው?» አለች በለጡ።

«ምንም» አለች ሳምሪ፣ የቶቡን አንድ ጫፍ ይዛ አብራት አጠፈች።

በማግስቱ ጠዋት ቄሱ ጸሎታቸውን አድርሰው ከሄዱ በኋላ፣ ሐጃ ሲትና ብቻዋን መጣች። ሌሎቹን መንገድ ዳር፣ ከኒም ዛፍ ሥር ትታቸዋለች። በሩን አላለፈችም። ቁልቁል ጎንበስ ብላ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር መሬት ላይ አኖረችና ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። ዛሬ ምንም አልተናገረችም።

መብርሂት ተነሥታ ጥቅሉን አመጣች። ጨርቁን ብትገልጠው የእንጨት ሰሌዳ ነው። ፀሐይ ያሳሳው ሰማያዊ የአረብኛ ጽሑፍ አለበት።

በለጡ ፊደሉን አታውቅም። ቀለሙን ግን ታውቀዋለች። ጎንበስ ብላ አየችው፤ በጣቷ ነካችው።

«ይህን ቀለም በጋዝ ነው ያለቀቅሁት» አለች ቀስ ብላ። «ከጣቶችሽ አልወጣ ብሎ። ምን ጻፍሽ ብልሽ የቤት ሥራ ነው አልሽኝ።» ቀና አለች። «ምን ይላል?»

ሳምሪ የሻዩን ትሪ ምንጣፉ ላይ አኖረች።

በለጡ ወደ በሩ ዞረች። «ዳ ሹኑ?» አለች በገበያ አረብኛዋ፤ ይህ ምንድን ነው?

ሐጃ ሲትና አመነታች። ከዚያ፣ መዋሸት ስላልቻለች፣ «ቃርብ ሸፋፍ» አለች።

በለጡ ሐጃን አላየችም። የምታየው ልጇን ነው።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለች። ድምጿ ሊሰማ አይችልም ነበር፤ ሰው ሁሉ ዝም ባይል። «አባትሽን? በገዛ እጅሽ?»

ሳምሪ ትናንት ያዘጋጀቻቸው ቃላት አንዳቸውም አልመጡላትም። ትሪው ላይ አንድ የሻይ ብርጭቆ አየች። አነሣችው፤ ከጆጉ ውሃ ሞላችው። ሄዳ እናቷ ፊት ተንበረከከችና ብርጭቆውን በሁለቱ ፊቶች መካከል ያዘችው።

«እማ፣ በዚህ እዪኝ። እታይሻለሁ?»

«ምን ሆነሻል?»

«እታይሻለሁ ወይ?»

«ትታዪኛለሽ» አለች በለጡ ግራ ገብቷት።

«ሸፋፍ ማለት ይኼ ነው። በነሱ አፍ ብርጭቆ ሸፋፍ ነው። የምንጩም ውሃ ሸፋፍ ነው። የብርጭቆዋን ጀልባ ነው የሚሏት። አቡ ሸፋፍ የሚሉት በሷ ነው።» ብርጭቆውን ጠጋ አደረገችላት። «እግር አይደለም፣ እማ። እግሩን ማንም አንሥቶበት አያውቅም።»

በለጡ በብርጭቆው ውስጥ ልጇን ለረዥም ጊዜ አየቻት።

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«አንቺም?»

«እኔም።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ» አለች በለጡ። «ሳቀብኝ?»

«አልሳቀብሽም። ወንድሞችሽ የሳቁ ጊዜ አብሯቸው እንደሳቀ ነገረኝ። ምን ላድርግ ብዬ አለኝ። በዓለም ላይ ስለ እግሬ የተጣላልኝ ሰው እናትሽ ብቻ ናት፣ ተያት ትንሽ ትጣላልኝ አለኝ። አንድ ቀን ጀልባዋ ላይ አስቀምጦ ሊነግርሽ ነበር።»

በለጡ ብርጭቆውን ከልጇ እጅ ወሰደችው። የምትጠጣው መስሏቸው ነበር፤ ምንጣፉ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠችው። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ ሄደች። ሐጃ ሲትና ፊት ስትደርስ የምታውቀውን አረብኛ ሁሉ ለቃቀመች።

«አና…» አለች። «ሰሐን… ከሰርተ።» ሳህንሽን ሰበርኩ ማለቷ ነው።

ሐጃ እጇን አወናጨፈች። የተናገረችውን ሳምሪ ከኋላ ሆና ለእናቷ ተረጎመችላት፦ «በማግስቱ አቡ ሸፋፍ በአንዱ ፋንታ ሁለት ሳህን አምጥቶልኛል። ዳኳዬንም ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ለቤቱ ይወስዳል። ባለቤቴ ትወደዋለች ይለኝ ነበር።»

«ከባሱንዳ ነው የሚለኝ» አለች በለጡ። ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ሰማችሁ? ከባሱንዳ ነው ይለኛል። እኔ ደግሞ፣ 'ከዚያች ሴትዮ ዳኳ ይኼ አይሻልም?' እያልኩ ሳመሰግነው!»

መብርሂት ናት መጀመሪያ የሳቀችው። ከዚያ ሌሎቹም። በለጡም ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረና ሌላ ነገር ሆነ። ሐጃ ልትደግፋት ገባች። ያን ጊዜ ነው ገመዱ ላይ የተሰጣውን ሰማያዊ ቶብ ያየችው። ቆመች። እጇን ዘርግታ ጠርዙን ነካች፤ ወዲያው የሰው ዕቃ እንደነካች ሁሉ እጇን ሰበሰበች።

በለጡ አየቻት። አንድም ቃል አልጠየቀችም። የሐጃን ሁለት እጆች ያዘች፤ ባሏን ያለበሱትን እጆች፤ ሳመቻቸው። ድምጿ ለሰባት ቀን የተዘጋበትን በር ከፍቶ ወጣ፦

«እግሩን አሙት ብዬ ከሰው ስጣላለት፣
ለካስ ጠርቶ ኖሯል ስሙን የጠሩለት።»

ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏት። ሐጃ ሲትና ግጥሙ ባይገባትም አብራ አለቀሰች። አያ ኸይረዲን መንገድ ዳር ያሉትን ሊጠራ ሲሮጥ ከአንድ እግሩ ጫማው ወልቆ ቀረ።

ፀሐይ ዘንበል ሲል ወደ ምንጩ ወረዱ። በለጡ፣ ሳምሪና ሐጃ ሲትና። ሐጃ ሰማያዊ ቶቧን ለብሳለች፤ በለጡ ነች ያለበሰቻት። ጀልባዋ ምንጩ ዳር ተገልብጣ፣ የመንግስቱ መወልወያ ጨርቅ ከሆዷ ላይ ደርቆ ተቀምጧል። ያኖረበት ቦታ ነው፤ ማንም አልነካውም።

ገልብጠው ውሃው ላይ አኖሯት።

«ጫማ» አለች ሳምሪ።

በለጡ ጫማዋን አወለቀች። ሳምሪ የፊተኛውን ወንበር አሳየቻት። «የእንግዳ ቦታ ፊት ነው፣ እማ።»

«እንግዳ ነኝ እንዴ?» አለች በለጡ፣ እና ጠርዙን ይዛ፣ ነጠላዋን ሰብስባ፣ ከኋላ ተቀመጠች።

ሳምሪ ከፊት ገብታ መቅዘፊያውን አነሣች። ሐጃ ከዳር ሆና በቀስታ ገፋቻቸው። ጀልባዋ ወደ ድንጋዩ ሥር ተንሸራተተች። ከታቻቸው ነጩ አሸዋ ይንተከተካል፤ ደቃቅ የቆሮሶ ዓሣዎች በበለጡ ጉልበት ሥር እያለፉ ይሄዳሉ። ሁሉም ይታያል። ከሁለት ቦታ በቀር። በበለጡ እግር አጠገብ፣ ወለሉ ላይ፣ የእንቁላል ያህል የሚሆኑ ሁለት የደበዘዙ ምልክቶች አሉ።

በለጡ የነጠላዋን ጫፍ በውሃ አርሳ ጠረገቻቸው። አልለቀቁም። ጠበቅ አድርጋ ደገመች።

«እድፍ አይደለም፣ እማ» አለች ሳምሪ ሳትዞር። «የተረከዙ ነው። ሲቀዝፍ እዚያ ይተክለዋል።»

የነጠላው እንቅስቃሴ ቆመ። ሳምሪ መቅዘፊያውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። በመጨረሻ ዞር ስትል፣ እናቷ ቀሚሷን ወደ ጉልበቷ ሰብስባ ነበር። ቀኝ እግሯን ወደ ቀኝ፣ ግራ እግሯን ወደ ግራ ገልበጥ አድርጋ፣ ሁለቱን ተረከዞቿን በሁለቱ ምልክቶች ላይ ቀስ ብላ አሳረፈቻቸው።